ትኬቱ ከበሩ ይነሣ

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ሰፈር ሆነች። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ በሠራቸው ቤቶች ዙሪያ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሲጠጋጋና ሲደራረብ የኖረው መንደር በኮሪደር ልማቱ ተነሣ፤ በቦታው ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አደባባይ፣ ፏፏቴና የሕፃናት መጫወቻ ተተካ። ሸርተቴና ዥዋዥዌ ከቢሮ ሕንፃና ከሆቴል አጠገብ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት እርምጃ ላይ መትከል በአዲስ አበባ እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ከተማዋ ከውዱ መሬቷ ቆርሳ ለልጆች ጨዋታ መስጠቷ ራሱ ሊያስደስተን ይገባል። አሁን የሚከተለው ጥያቄ በዚህ ላይ ምን ይጨመር የሚለው ነው። ብዙ ሰው ትልልቅ የሚሽከረከሩና የሚወነጨፉ መጫወቻዎች ያሉት፣ ዙሪያው የታጠረ፣ በቴሌቪዥን የምናየው ዓይነት የመዝናኛ ፓርክ ይመኛል። ምኞቱን አልነቅፍም፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚረዳው ነው። ለካዛንቺስና በጠቅላላው ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚበጀው ግን ሌላ ይመስለኛል። መሬቱ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ትኬቱ ከበሩ ተነሥቶ በየመጫወቻው ሥር ይቀመጥ፤ ከትኬቱ የሚገኘው ገንዘብም ከሁሉ በፊት ለጥገና ይታሰር።

ትኬቱ የት ይቆረጥ የሚለው ነገር የሒሳብ ሹም ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን የፓርኩን ጠባይ ከሥሩ የሚወስነው እሱ ነው። በር ላይ የሚያስከፍል ፓርክ አጥር ይፈልጋል፤ አጥሩ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ጥበቃው ደመወዝ ይፈልጋል። ጎብኚውም አንዴ ከፍሎ ከገባ በኋላ ላወጣው ብር የሚመጥን ነገር ሳያይ መውጣት አይሻም፤ ስለዚህ ፓርኩ ሰውን ቀኑን ሙሉ የሚያውል ብዙ መጫወቻ መደርደር ግድ ይሆንበታል፤ ለዚያ ደግሞ ሰፊ መሬት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ፣ የብርቱካን እርሻ በነበረ 65 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። ቤተሰብ በመኪና ተጉዞ፣ ውሎ፣ አምሽቶ የሚመለስበት ቦታ ሆኖ ታቀደ። እሱ እንኳ ከበሩ ክፍያ ሌላ ለየመጫወቻው የሚቀደድ የትኬት ደብተር እስከ 1982 ድረስ ይሸጥ ነበር። የታጠረ ፓርክ የሚሠራው ሰው ከሩቅ፣ አልፎ አልፎ፣ ለሙሉ ቀን በሚመጣበት ቦታ ነው። ሦስቱም ሁኔታዎች በአንድነት ሲገኙ የበር ክፍያ ፍትሐዊም አትራፊም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ሲጎድሉ ግን አጥሩ ብቻ ይቀራል።

ቂርቆስ ላይ ሦስቱም የሉም። ክፍለ ከተማዋ 14 ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ትሰፋለች፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ መስቀል አደባባይ፣ ፍልውሃ፣ ግዮን ሆቴል፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀን የሚያልፍባት ሰው ከሚያድርባት ይበልጣል። ከትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ፣ ልጇን አዝላ ታክሲ የምትጠብቅ እናት፣ በምሳ ሰዓት ጥላ የሚፈልግ የቢሮ ሠራተኛ፣ ልጁን ከሥራው አጠገብ ለማቆየት የተገደደ የጎዳና ነጋዴ፣ እነዚህ ናቸው የካዛንቺስ መናፈሻ ደንበኞች። ሁሉም በእግር ይመጣሉ፤ ሁሉም ያላቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ነው። የልጅ ጨዋታ ደግሞ በዓመት አንዴ ለልደት የሚደረግ ድግስ ሳይሆን የየዕለት ፍላጎት ነው። በበሩ ላይ የሚከፈል ገንዘብ፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ለሚመጣ ልጅ በሦስት ይባዛል፤ ወንድምና እኅት ካለው እንደገና ይባዛል። በዓመት አንዴ በመኪና የሚመጣውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው አዘውትሮ የሚመጣውን ጎረቤት ነው። ፓርኩ ሊያገለግለው የሚገባው ግን ይኸው ጎረቤት ነው።

ክፍት መሬትና የሚከፈልበት መጫወቻ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ረጅም ዕድሜ ያለው ምሳሌ ቪየና ውስጥ አለ። ፕራተር የንጉሣውያን አደን ቦታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1766 ዳግማዊ ዮሴፍ ለሕዝብ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ቡና ቤቶችና የመጫወቻ ባለቤቶች እየመጡ በአንዱ ጥግ ሰፈሩ፤ ዛሬም ወደ ግቢው መግባት አያስከፍልም፤ የሚከፍለው መጫወቻው ላይ የሚወጣ ብቻ ነው። ከ1897 ጀምሮ የቆመው ወደ 65 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ታላቁ ጎማ የዚያ ግቢ ነው። አያት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ ልጁ አንድ ዙር ይወጣል፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ሣሩ ላይ ኳስ ይጫወታል። ሦስቱም በአንድ ቦታ መሆናቸው ለመጫወቻው ባለቤትም ይጠቅማል፤ ሊከፍል ሳያስብ የመጣ ሰው ጎማው ሲዞር አይቶ ልጁን ሊያሳፍር ይችላልና። አጥር ቢኖር ይህ ሰው ከመጀመሪያውም ወደዚያ አይመጣም ነበር።

አዲስ አበባ ራሷ ሁለቱንም መንገድ በአጭር ጊዜ ሞክራቸዋለች። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክና በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሸራተን ወዲህ የተከፈተው ወዳጅነት ፓርክ በበር ትኬት የሚገባባቸው ናቸው። አንድነት ፓርክ ታሪካዊ ቤተ መንግሥትና የዱር እንስሳት የያዘ ስለሆነ የበር ቁጥጥሩ ምክንያት አለው፤ ሙዚየም እንጂ መጫወቻ አይደለም። በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ1,300 ሄክታር ደን ውስጥ ዚፕላይን፣ ጎካርትና ፈረስ ግልቢያ አስገብቷል፤ ለእነዚህ የሚከፍለው የሚጠቀምባቸው ሰው ነው። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ምንም መጫወቻ ያልተተከለበት ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ መንገዶችን ለመኪና ሲዘጋ፣ መስቀል አደባባይና አካባቢው በብስክሌት፣ በሮለር ስኬት፣ በገመድ ዝላይና በኳስ ይሞላ ነበር። ያንን ሁሉ ልጅ ያመጣው አስፋልቱ ነጻ መሆኑ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ በተመረቀው መስቀል አደባባይም በየማለዳው በደረጃዎቹ ላይ የሚሮጠው ሰው ቁጥር ለምን እንደማይጎድል ለማወቅ ትኬት መቁረጫ እንደሌለው ማስታወስ ይበቃል።

የሐሳቤ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የትኬቱ ገንዘብ ለጥገና ይታሰር የሚለው፣ ከመጀመሪያው የበለጠ አሳሳቢ ነው። የሚንቀሳቀስ መጫወቻ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እያለቀ የሚሄድ ማሽን ነው። የሚሽከረከረው ክብደት ሁሉ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ ኩሽኔታው ቅባት ካላገኘ ይበላል። በየዙሩ የሚወጠርና የሚላላ ብረት ብየዳው ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል፤ ስንጥቁ ቀስ ብሎ ያድግና አንድ ቀን በድንገት ይሰበራል። ብሎን ይላላል፤ የደኅንነት ቀበቶ መቆለፊያው ይደክማል፤ ፍሬኑ ይሳሳል። ከነዚህ አንዳቸውም ቀለም ሲቀቡት አይድኑም። የከተማዋ ቀላል ባቡር ታሪክ ለዚህ በቅርብ የሚታይ ማስረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ሁለቱን አቅጣጫዎች አንድ የሚያደርገው እዚሁ ስታዲየም አጠገብ ነው፤ 41 ባቡሮች ይዞ ቢነሣም በመለዋወጫ እጥረት አብዛኞቹ የቆሙበት ጊዜ መጥቷል። ሐዲዱ አልተበላሸም፤ ተሳፋሪውም አልጠፋም፤ የጠፋው በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ መገዛት የነበረበት ዕቃ ነው። አንድ ከተማ ያቋቋመው ሕዝብ የሚሳፈርበት ባቡር ይህ ከደረሰበት፣ የልጆች መሽከርከሪያ ከእሱ የተሻለ ትኩረት ያገኛል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ተጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ከውጭ የሚመጣ ሞተር፣ ኩሽኔታ ወይም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በብር ሲታሰብ ዋጋው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሆነ። ስለዚህ አንድ ትልቅ መጫወቻ ሲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው ዋጋው ስንት ነው ከሚለው ይልቅ በአሥረኛው ዓመት ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በየትኛው ምንዛሪ ይጠግነዋል የሚለው ነው። ከትኬቱ የሚገባው ብር ወደ አጠቃላይ በጀት ከፈሰሰ፣ ጥገናው በየዓመቱ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር ተሻምቶ ማሸነፍ ይኖርበታል፤ አያሸንፍምም፣ ማሸነፍም የለበትም። የራሱ ሒሳብ ሲኖረው ግን መጫወቻው በሠራ ቁጥር ለነገ መለዋወጫው ያጠራቅማል። መካኒኩም ዕቃ ሲጎድል የማን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል።

የቪየናው ጎማ እዚህም ላይ የሚነግረን አለ። ሲሠራ 30 የሰው ክፍሎች ነበሩት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቃጥሎ እንደገና ሲነሣ አሮጌው ብረት ያንን ሁሉ ክብደት ዳግም ባይሸከም ይሻላል ተብሎ 15 ብቻ ተመለሱለት። ገቢው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ ጎማው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሊወስን የሚችለው መርማሪው ከባለቤቱ ነጻ ሲሆን ነው። ዓለም ለዚህ የጻፈው ሕግ አለ። አውሮፓውያን ለቋሚ የልጆች መጫወቻ ኢኤን 1176 የተባለውን ደረጃ ይጠቀማሉ፤ ለሚንቀሳቀሱ ትልልቅ መጫወቻዎች ደግሞ አይኤስኦ 17842 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። የመጀመሪያው ለምሳሌ ልጅ ሊወድቅበት የሚችለው ከፍታ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆንም ከሥሩ ያለው ወለል ውድቀቱን የሚያለዝብ እንዲሆን ያዛል። ይህ ተራ ወላጅ እንኳ በዓይኑና በሜትር ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው፤ ከሸርተቴው ሥር ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ካለ መጫወቻው አልተጠናቀቀም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለን፤ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለን። በካዛንቺስ የሚተከል እያንዳንዱ መጫወቻ የመጨረሻ ምርመራው የተደረገበት ቀን በግልጽ በአማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍበት ወላጅም ተቆጣጣሪ ይሆናል።

አየሩም አስተያየት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡና በረዶው አያፈናፍንም። ጥላ የሌለው የብረት ሸርተቴ በየካቲት እኩለ ቀን ላይ ልጅ የሚቀመጥበት አይደለም። የፕላስቲክ መጫወቻ በእንዲህ ያለ ፀሐይ ቶሎ ቀለሙ ይገረጣል፤ ይሰባበራልም። ክፍት ሞተር ያለው መጫወቻ ክረምቱን ሙሉ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት የሚያስደንቅ አንድ ግዙፍ ማሽን ከመጨመር ይልቅ ለዛፍ፣ ለሰፊ ጣሪያ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለመጠጥ ውሃ ቅድሚያ መስጠት የተሻለ ነው። ልጅ ያላት እናት ከመጫወቻው በፊት የምትጠይቀው መጸዳጃ የት አለ ብላ ነው። መንገዱ ጠርዝ የሌለው ሆኖ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ልጅም ከሌሎች ጋር መድረስ መቻል አለበት፤ ይህ ኋላ ሲታሰብ ማፍረስን ይጠይቃል፣ አስቀድሞ ሲታሰብ ግን ምንም ያህል አያስወጣም።

ታዲያ ምን ይጨመር? ሐሳቡ ከራሷ ከቂርቆስ ሊመጣ ይገባል፤ አካባቢው ጭብጥ የሚጎድለው አይደለምና። ለገሃርን እንውሰድ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ዛሬ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የዚያ መስመር ታሪክ ለልጆች በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻ መነገር የለበትም። በጣቢያው አካባቢ በዝግታ የሚዞር፣ በቀላል ሞተር የሚጎተት፣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ባቡር ከማንኛውም የተገዛ ተወርዋሪ መጫወቻ ይልቅ የቦታው ይሆናል። አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ደወሌ እያለ በየፌርማታው ቢቆም ልጁ የአገሩን ካርታ በጨዋታ ይማራል። ለገሃር ላይ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት አሮጌውን ጣቢያ ለማቆየት ማቀዱ ይህን ሐሳብ ለማስገባት ምቹ ዕድል ነው። ፍልውሃ ደግሞ የከተማዋ መወለጃ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በዚያ ሙቅ ውሃ አጠገብ ባይሰፍሩ አዲስ አበባ የሚባል ስም ባልኖረ። ከዚያ አጠገብ ልጅ በእጁ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ በቦይ የሚያሳልፈው፣ በትንሽ መዘውር የሚያስነሣው የውሃ መጫወቻ መሥራት ውድ አይደለም፤ ደግሞም የፏፏቴ ውበት ልጆች ከሩቅ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው የሚነኩት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ትኩረት የሚገባው ልጆቹ ራሳቸው የፈለሰፉት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅሞ በእንጨት ላይ ገጥሞ ቁልቁለት የሚወርድበት ጋሪ ሠርቷል። ካዛንቺስ ወደ ኡራኤልና ወደ ቀበና ወንዝ የሚያዘነብል ቁልቁለት ሞልቷታል። ከመኪና የተለየ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚቃና ትንሽ የጋሪ መውረጃ ቢሠራላቸውና የራስ ቁር በትንሽ ገንዘብ ቢከራይ፣ በዓለም ላይ ያሉ ፓርኮች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገዙትን የቁልቁለት ደስታ ያለ ሞተር ይሰጣል። ከጎኑ የድንጋይ ገበጣ ያለባቸው ጠረጴዛዎች፣ ወለል ላይ በቀለም የተሣለ ሰኞ ማክሰኞ፣ ለድብብቆሽ የሚመች ጥግ ጥግ ያለው የቁጥቋጦ አጥር ይኑሩ። ገበጣ ላይ አያትና የልጅ ልጅ እኩል ናቸው፤ ማንም ትኬት አይቆርጥባትም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም መለዋወጫ አትፈልግም። ከነዚህ ነጻ ጨዋታዎች መካከል የሚቆሙት ሁለት ሦስት የሚከፈልባቸው መጫወቻዎች ናቸው ሌላውን የሚደግፉት።

አብዛኛው ነገር እዚሁ ሊሠራ መቻሉም የጥገናውን ጥያቄ ግማሽ ይመልሳል። በቄራ፣ በጎተራና በሪቼ አካባቢ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚበይድ ባለሙያ ሞልቷል፤ ተግባረ ዕድን የመሰሉ የሙያ ኮሌጆች በየዓመቱ ወጣት መካኒኮችን ያስመርቃሉ። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ መወጣጫ፣ በእጅ የሚገፋ መሽከርከሪያና የትንሹ ባቡር አካል ከነዚህ እጆች አቅም በላይ አይደሉም፤ ንድፉን የሚያጸድቅና ብየዳውን የሚፈትሽ መሐንዲስ ብቻ ያስፈልጋቸዋል። የሠራው ሰው በእግር መንገድ ርቀት ላይ ሲኖር የተሰበረው ዕቃ በማግሥቱ ይጠገናል። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጣው ግን ቴክኒሻኑም ከባሕር ማዶ እስኪመጣ በሸራ ተሸፍኖ ይጠብቃል።

አንድ ሌላ ዕድል በዓይናችን ፊት ባዶውን ቆሟል። ሰፈር ሲፈርስ ሁሉም መሬት በአንድ ጊዜ አይገነባም፤ አንዳንዱ ቦታ ባለሀብት እስኪጀምርበት በቆርቆሮ ታጥሮ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል። አምስተርዳም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው ነገር ገጥሟት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 አልዶ ቫን አይክ የተባለ ወጣት የከተማው አርክቴክት በአንድ ትንሽ አደባባይ ላይ የአሸዋ ገንዳና የብረት መወጣጫ አኖረ፤ ነዋሪዎች ለኛም ሰፈር እያሉ ጠየቁ፤ እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ መጫወቻዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹም ሕንፃ በፈረሰባቸው ባዶ ቦታዎች ላይ። ግንባታ ሲመጣ ይነሡ ነበር፤ ልጅ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ያድጋል፤ ለእሱ ሁለት ዓመት ጊዜያዊ አይደለም። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቷ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ወደዚያ ድርሻ ለመድረስ በሚወስደው ጊዜ ውስጥ ባዶ ቦታዎቹን ለልጆች ማዋስ አጥሩን ከመንቀል፣ መሬቱን ከመደልደልና አሸዋ ከማፍሰስ የበለጠ አይጠይቅም።

የሚነሣብኝ ተቃውሞ አለ። የመጀመሪያው፣ ነጻ የሆነ ነገር ይበላሻል፤ ማንም የሚገባበት ቦታ የሱሰኛና የሌባ መዋያ ይሆናል የሚለው ነው። ስጋቱ እውነት ነው፤ ጥበቃ የሌለው ባዶ መናፈሻ በከተማችን ታይቷል። ነገር ግን ቦታውን አስፈሪ የሚያደርገው ሰው ሲጠፋበት ነው። እናቶች፣ አያቶችና ገበጣ የሚጫወቱ ጡረተኞች ውለው የሚያመሹበት ቦታ በራሱ ዓይን ይጠበቃል፤ አጥርና የበር ክፍያ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስወጣው እነዚህኑ ሰዎች ነው። በበር ላይ ቆሞ ትኬት ለሚቀድ ሠራተኛ የሚከፈለው ደመወዝ ግቢውን ለሚዞር፣ ቁስል ለሚያሽግ፣ ልጅ ለሚያስታርቅ ሞግዚት መሰል ሠራተኛ ቢሆን ብሩ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። አዲስ አበባ የጉባኤ ከተማ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ተከፍቷል፤ ዙሪያው ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። እንግዳው ቆይታውን እንዲያራዝም የሚያደርግ ትልቅ የታጠረ ፓርክ ገቢ ያመጣል ይባላል፤ ኮፐንሃገንም በምሳሌነት ትጠቀሳለች። ቲቮሊ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ከከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በጥቂት ሄክታር መሬት ላይ፣ በበር ትኬት እየሠራ ነው፤ በ1914 የተሠራው የእንጨት ተንሸራታች ባቡሩ ዛሬም በሰው በሚያዝ ፍሬን ይወርዳል። እንደ ጥገና ምሳሌ የማደንቀው ነው። ግን ቲቮሊ ለብቻው አልቆመም። ልጆች ከተራ ዕቃ ራሳቸው የሚገነቡበት የመጀመሪያው መጫወቻ በ1943 የተከፈተው በዚያችው ከተማ፣ ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ሠራተኛ የተመደበባቸው ነጻ መጫወቻዎች አሏት። ትኬት መግዛት ያልቻለ የኮፐንሃገን ልጅ ጨዋታ አያጣም። ያ መረብ በሌለበት አገር ቲቮሊን ብቻ ነጥሎ መቅዳት ጣሪያውን ከግድግዳው በፊት መሥራት ይሆናል። የጉባኤ እንግዳም ቢሆን በአገሩ ያለውን ማሽን ለማየት ሌላ ቀን አያድርም፤ የለገሃርን ባቡር፣ የፍልውሃን ውሃና የከተማዋን ልጆች ሲጫወቱ ለማየት ግን ሊያድር ይችላል። ሰፊ መሬት የሚፈልጉት ከባድ መጫወቻዎች ደግሞ እንጦጦን የመሰለ ቦታ አላቸው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም፤ ማለፍም አይገባኝም። ካዛንቺስ ውስጥ ያደጉት ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ እዚያ አይደሉም፤ ቤተሰቦቻቸው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። በጓሮአቸው መንገድ ላይ ኳስ የተጫወቱ ልጆች ለቀው በሄዱበት ቦታ የሚተከለው ዥዋዥዌ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ነጻ በር ቢያንስ ለጉብኝት የመጣውን የድሮ ልጅ በሰፈሩ እንግዳ አያደርገውም። ይህ ግን ዕዳውን አይከፍልም። የሚከፍለው ለካዛንቺስ የሚጻፈው የጨረታ ሰነድ ራሱ ነው፤ በመሃል ከተማ ለሚተከል ለእያንዳንዱ መጫወቻ ያንኑ የሚመስል፣ በዚያው ወርክሾፕ የተሠራ፣ በዚያው የጥገና ሒሳብ የሚጠበቅ አንድ ለገላን ጉራ እንዲሠራ ያስገድድ፤ የሁለቱም የማስረከቢያ ቀን አንድ ይሁን፣ ለሥራ ተቋራጩም የመጨረሻው ክፍያ ሁለቱም ተመርምረው እስኪያልፉ ድረስ አይለቀቅለት።